ጌታ አይቆጣም… እናትስ?

ዱርቤቴ ላደገ ሰው ገና ማለት ከቅዳሴውና ከዶሮው ቀጥሎ ዱላ ነው። ከሰዓት በኋላ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ የላይ መንደርና የታች መንደር ጎረምሶች ጫፉ የተቆለመመ ዱላቸውን ይዘው ይገጥማሉ። ከእንጨት የተጠረበችው ሩር ትጣላለች፤ ከዚያ በኋላ አቧራው፣ ጩኸቱና የቅልጥም ምቱ ነው። ፊሽካ የለም፣ ቀይ ካርድ የለም፣ የባከነ ሰዓት የሚባል ነገር የለም። ያሸነፈው ወገን ማታ እየጨፈረ ተሸናፊውን በግጥም ይሰድበዋል፤ ባለ ርስቱንም ሆነ ሹሙን አይምርም። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም የሚባለው ለዚህ ነው። በዓመት አንድ ቀን ሁሉም ይሳቅበታል፣ ሁሉም ይስቃል።

እኔ ልጅ ሆኜ ይህን ሁሉ የማየው ከሜዳው ዳር፣ ከሴቶቹ ጋር ቆሜ ነበር። የሴቶቹ ድርሻ መሳቅ፣ እልል ማለትና የተፈነከተ ወንድም ካለ ደሙን ማጠብ ነው። ሴት ልጅ የገና ዱላ ይዛ ሜዳ ስትገባ አይቼ አላውቅም። የሚገርመው ይህ ሳይሆን፣ ለምን ብዬ ጠይቄ አለማወቄ ነው። ጥያቄው የመጣልኝ በጋዜጠኝነት ተመርቄ (መጠየቅ ሙያዬ ነው ከተባልኩ በኋላ ማለት ነው!) ጓደኛዬ በፍላሽ የሰጠችኝን አንድ የአሜሪካ ኮሜዲ ካየሁ በኋላ ነው። ፊልሙ ደግሞ ስለ ቤዝቦል ነው። ቤዝቦልና ዱርቤቴ ምን አገናኛቸው እንዳትሉኝ። ታገሱኝ፣ ተመልሰን እንመጣለን።

የገና የሩቅ ዘመድ

ቤዝቦልን ለማታውቁ (እኔም አላውቀውም ነበር) በአጭሩ ላስረዳ። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል። ከመታ በኋላ በሜዳው ማዕዘኖች የተቀመጡትን ማረፊያዎች እየረገጠ ዞሮ ወደተነሣበት ከተመለሰ ነጥብ ያገኛል። ተቃራኒዎቹ ደግሞ ሳይደርስ ኳሷን ይዘው ሊያስወጡት ይራወጣሉ። የገና የሩቅ ዘመድ በሉት። ልዩነቱ አሜሪካኖቹ ይህን የዱላ ጨዋታ እንጀራ አድርገውታል። ተጫዋቾቹ በሙሉ ደመወዝ የሚከፈላቸው የመጀመሪያው ቡድን የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1869 በሲንሲናቲ ከተማ ነው።

ስለዚህ ጨዋታ ብዙ አሳቂ ፊልም ተሠርቷል። በ1989 የወጣው «ሜጀር ሊግ» ለምሳሌ ሽንፈት የለመደ የክሊቭላንድ ቡድንን እያሳየ ያስቃል። እኔ ያየሁት ግን በ1992 የወጣውን «አ ሊግ ኦፍ ዜር ኦውን» ነው፤ «የራሳቸው ሊግ» ብንለው ያስኬዳል። ዳይሬክተሯ ፔኒ ማርሻል ትባላለች። ጂና ዴቪስ፣ ቶም ሃንክስ፣ ሎሪ ፔቲ፣ ሮዚ ኦዶኔልና ዘፋኟ ማዶና ይተውኑበታል። ታሪኩ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወንዶቹ ሲዘምቱ ሜዳ ስለገቡ ሴቶች ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስስቅ ቆይቼ ፊልሙ ሊያልቅ ሲል አንድ ነገር አስደነገጠኝ፤ አሮጊቶች ቤዝቦል ሲጫወቱ ይታያሉ። እነዚያ አሮጊቶች ተዋንያን አይደሉም። እውነተኞቹ ተጫዋቾች ናቸው። እናም ታሪኩ እውነት ነው ማለት ነው ብዬ መፈለግ ጀመርኩ።

የማስቲካው ባለሀብት

ነገሩ ወዲህ ነው። አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ ስትገባ ቤዝቦል ይቁም ወይስ ይቀጥል የሚል ጭንቀት መጣ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በጥር 1942 ለሊጉ ኃላፊ ደብዳቤ ጽፈው፣ ሕዝቡ ከሥራው የሚያርፍበት መዝናኛ ስለሚያስፈልገው ጨዋታው ቢቀጥል ይሻላል አሉ። መቀጠሉስ ይቀጥል፣ በማን? በጦርነቱ ዘመን ከ500 በላይ የትልልቆቹ ሊጎች ተጫዋቾች የወታደር ልብስ ለብሰዋል።

በዚህ መሀል የቺካጎ ከብስ ቡድን ባለቤት የሆነው ፊሊፕ ሪግሊ አንድ ሐሳብ አመነጨ። ሪግሊ ሀብቱ የማስቲካ ነው። (እኛ ዘንድ መንገድ ላይ ማስቲካ ያኘከች ልጅ ስሟ ይጠፋል፤ እዚያ በማስቲካ ገንዘብ የሴቶች ሊግ ተቋቋመ!) በ1943 የጸደይ ወራት በመላ አሜሪካና በካናዳ ኳስ የሚችሉ ሴቶች ተፈለጉ። የመጨረሻው ምርጫ በቺካጎው ሪግሊ ፊልድ ስታዲየም ተካሄደና 60 ልጆች ተመረጡ። ለ4 ቡድን 15፣ 15 ሆነው ተደለደሉ፤ ራሲን ቤልስ፣ ኬኖሻ ኮሜትስ፣ ሮክፎርድ ፒችስና ሳውዝ ቤንድ ብሉ ሶክስ። የመጀመሪያዎቹ ግጥሚያዎች ግንቦት 22 ቀን 1935 ዓ.ም. ተደረጉ። እኛ ጣልያንን ካባረርን ገና 2 ዓመታችን ነበር።

ደመወዛቸው በሳምንት ከ45 እስከ 85 ዶላር ነበር። ከእርሻና ከፋብሪካ ለመጣች ወጣት ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው። ታዲያ ገንዘቡ ብቻውን አልመጣም። ጨዋታው የሚካሄደው በቀሚስ ነው፤ ከጉልበት በላይ በሚቀር አጭር ቀሚስ። ቤዝቦል ደግሞ መሬት ላይ ተንሸራቶ ማረፊያውን መርገጥ ያለበት ጨዋታ ነው። የእግራቸው ቆዳ እየተላጠ በሚቀጥለው ቀን እንደገና በዚያው ቁስል ላይ ይንሸራተቱ ነበር።

ማታ ማታ ደግሞ ትምህርት ቤት አለ። የኳስ እንዳይመስላችሁ! የሄለና ሩቢንስታይን የውበት ሳሎን ባለሙያዎች አቀማመጥ፣ አረማመድና አኳኳል ያስተምሯቸዋል። ፀጉር አሳጥሮ መቆረጥ ክልክል፣ በአደባባይ ሱሪ ክልክል፣ ሲጋራና መጠጥ በሰው ፊት ክልክል። ጥፋት ለመጀመሪያ ጊዜ 5 ዶላር፣ ለሁለተኛ ጊዜ 10 ዶላር ያስቀጣል፤ ሦስተኛው ያሳግዳል። እያንዳንዱ ቡድን ደግሞ የምትጠብቃቸው «ሞግዚት» ነበረችው።

ፊልሙ በዚህ ሁሉ ያስቃል፤ ሳቁ ግን ከውስጡ መራራ ነገር አለው። ማርላ የምትባል ኃይለኛ መቺ አለች። የመታችው ኳስ የአዳራሽ መስኮት ይሰብራል። መልማዩ ሰውዬ ፊቷን ሲያየው «ቆንጆ አይደለችም» ብሎ ጥሏት ሊሄድ ይነሣል። ሁለቱ እህትማማቾች ሻንጣቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው እሷ ካልሄደች እኛም ባቡሩ ላይ አንወጣም ይላሉ። በዚህ ቦታ ሳቄ ተቋረጠ። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሄዳ፣ ከጥያቄው በፊት ከእግር እስከ ራሷ የተለካች ሴት ሁሉ ያንን ሰውዬ ታውቀዋለች።

ፊልሙ የጨመረው፣ ፊልሙ የቀነሰው

ታሪክ ስንጽፍ ፊልምን እንደ ምስክር ብቻ መቀበል አይገባምና፣ ልዩነቶቹን ላንሣ። በፊልሙ ባለሀብቱ ቸኮሌት ሻጭ ነው፤ እውነተኛው ግን እንዳልኳችሁ ማስቲካ ሻጭ ነበር። በፊልሙ በ1943 ለዋንጫ ራሲንና ሮክፎርድ ይገጥማሉ። በእውነቱ ራሲን ያሸነፈው ኬኖሻን ነው። ሮክፎርድ ተራው የደረሰው በኋላ ነው፤ በ1945፣ በ1948፣ በ1949 እና በ1950 ዋንጫ ወስዷል። ቶም ሃንክስ የሚጫወተው ሰካራሙ አሠልጣኝ በአብዛኛው የሚያስታውሰው ጂሚ ፎክስን ነው። በወንዶቹ ሊግ ስመ ገናና መቺ የነበረው ፎክስ በ1952 የፎርት ዌይን ሴቶችን አሠልጥኗል።

ይህ ሁሉ ይቅር የሚባል ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን ፊልሙ ራሱ ቆም ብሎ ይተነፍሳል። ተጫዋቾቹ ሲለማመዱ ኳስ ያመልጣቸውና ከሜዳው ዳር ከቆሙ ጥቁሮች መሀል አንዲት ሴት ታነሣዋለች። ከሩቅ ትወረውረዋለች፤ ውርወራው ከተጫዋቾቹ ይበልጣል። ታያቸዋለች፣ ያዩዋታል፣ አለቀ። ቃል የለም። ያ ሊግ በቆየባቸው 12 የጨዋታ ዓመታት አንዲትም ጥቁር ሴት አላጫወተም። ጃኪ ሮቢንሰን በ1947 የወንዶቹን በር ከሰበረ በኋላ እንኳ የሴቶቹ በር አልተከፈተም።

ማሚ ጆንሰን የምትባል ልጅ ለፈተና ሄዳ ሳትሞከር ተመልሳለች። ምን አደረገች? በ1953 ኢንዲያናፖሊስ ክላውንስ የተባለውን የጥቁሮች የወንዶች ቡድን ተቀላቀለችና ለወንዶች ኳስ ትወረውር ጀመር። ቁመቷ አጭር ስለነበር አንድ መቺ ኦቾሎኒ ታክላለሽ ብሎ ቢያላግጥባት፣ በኳሷ አስወጣችው ይባላል። ከዚያ በኋላ «ኦቾሎኒ» ስሟ ሆኖ ቀረ። የሷ ታሪክ ለብቻው ፊልም ይወጣዋል። የተገፋ ሰው የራሱን ሜዳ ሲያገኝ፣ ከዚያ ሜዳ ዳር ደግሞ ሌላ የተገፋ ሰው ቆሞ ሊሆን ይችላል… ይህን ከፊልሙ የተማርኩት በዚያች አንዲት ውርወራ ነው።

ዝምታው

ብዙ ሰው ሊጉ ጦርነቱ ሲያልቅ አብሮ ያለቀ ይመስለዋል። አይደለም። እንዲያውም ያደገው ከጦርነቱ በኋላ ነው። በ1948 ቡድኖቹ 10 ደርሰው፣ በዚያ አንድ ዓመት ከ900,000 በላይ ተመልካች ገብቷል። ጨዋታውም እየከበደ ሄደ። ሲጀመር ኳሷ ትልቅ ነበረች፣ የምትወረወረውም ከታች ወደ ላይ ነበር። በ1948 ከትከሻ በላይ መወርወር ተጀመረ፤ በመጨረሻው ዓመት ኳሷ ወንዶቹ የሚጫወቱባት ትንሿ ኳስ ሆነች። በማረፊያዎቹ መካከል ያለው ርቀትም ከ65 ጫማ ተነሥቶ 85 ጫማ ደረሰ። «ሴቶች ይህን አይችሉም» የተባለውን በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየጨመሩ ቻሉት።

ከዚያ ቴሌቪዥን ወደየቤቱ ገባ። ሰው የወንዶቹን ትልልቅ ግጥሚያ ሳሎኑ ተቀምጦ ማየት ጀመረ። ሪግሊ ሊጉን ቀደም ብሎ ለሌላ አስረክቧል፤ ከ1951 ጀምሮም እያንዳንዱ ቡድን በየራሱ ባለቤት ተያዘና የጋራ ማስታወቂያና የጋራ ምልመላ የሚባል ነገር ቀረ። በ1954 5 ቡድን ብቻ ሲቀር ሊጉ ተዘጋ። ከ600 በላይ ሴቶች ተጫውተውበት ነበር። ወደየቤታቸው ገቡ፣ አገቡ፣ ወለዱ፣ አስተማሪና ነርስ ሆኑ። ብዙዎቹ ለልጆቻቸው እንኳ አልተናገሩም። ቢናገሩስ ማን ያምናል?

ዝምታው የተሰበረው በ2 ነገር ነው። በ1980 ጁን ፔፓስ የምትባል የቀድሞ ተጫዋች ለድሮ ጓደኞቿ የምትልከው ጋዜጣ ቢጤ ደብዳቤ ጀመረች። አንዷ ለሌላዋ አድራሻ እያቀበለች ተፈላልገው ተገናኙ። ሁለተኛው ደግሞ የአንድ ልጅ ጥያቄ ነው። ሄለን ካላሃን የካናዳ ልጅ ናት፤ በ1945 የሊጉ ምርጥ መቺ ነበረች። ልጇ ኬሲ ካንዴል አድጎ በወንዶቹ ትልቅ ሊግ ተጫውቷል። ሌላኛው ልጇ ኬሊ ካንዴል ደግሞ ካሜራ አንሥቶ፣ ከባልደረባው ኪም ዊልሰን ጋር ስለ እናቱና ስለ ጓደኞቿ በ1987 ዘጋቢ ፊልም ሠራ። ርዕሱ? «አ ሊግ ኦፍ ዜር ኦውን»። ፔኒ ማርሻል ያየችው ይህንን ነው።

በ1988 የኩፐርስታውኑ የቤዝቦል ሙዚየም የሴቶቹን መታሰቢያ ትርኢት ከፈተ። ከ4 ዓመት በኋላ ኮሜዲው ወጣ፤ በአሜሪካ ብቻ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። በ2012 ደግሞ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ ሊጠበቁ ይገባል ከሚላቸው ፊልሞች መዝገብ ውስጥ አስገባው። ሄለን ካላሃን ፊልሙ በወጣበት ዓመት ማብቂያ ላይ አረፈች። ደርሳበታለች፤ ጥቂት ጊዜ ቢዘገይ ግን አትደርስበትም ነበር።

ልብ በሉ። ለ30 ዓመታት የታሪክ መጽሐፍ ያላደረገውን አንድ እናቱን የጠየቀ ልጅና አንድ አሳቂ ፊልም አደረጉት። ሳቅ ደግሞ ከንግግርና ከሐውልት የሚበልጥበት ነገር አለው። የሚስቅ ሰው አይከራከርም። በሩን በራሱ እጅ ይከፍታል፤ ታሪኩ ከገባ በኋላ ነው የሚነቃው።

ወደ እኛ ስንመጣ

ፊልሙ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የገባው ሰኔ 24 ቀን 1984 ዓ.ም. ነው። በ5 ሳምንቱ፣ ነሐሴ 1 ቀን፣ ባርሴሎና ላይ ደራርቱ ቱሉ 10,000 ሜትር ሮጣ ወርቅ ወሰደች፤ በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። አሜሪካኖች የረሷቸውን ሴቶች በሚያስታውሱበት ክረምት እኛ የማንረሳትን ሴት አገኘን። ደራርቱን ማን ይረሳል?

ግን ከደራርቱ ውጪ ያሉትስ? የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን ሉሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ደቡብ አፍሪካ ላይ በአፍሪካ የሴቶች ሻምፒዮና 4ኛ ወጥቷል። ከአፍሪካ 4ኛ! የዚያን ቡድን የ3 ተጫዋቾች ስም የሚጠራልኝ እጁን ያውጣ። እኔ በጋዜጠኝነት የተመረቅኩት አልቻልኩም፤ አፍሬያለሁ።

ከስፖርቱ ወጥተን ወደ ጦርነቱ ብንመለስም ያው ነው። አሜሪካ ወንዶቹ ሲዘምቱ ሴቶቹን ሜዳና ፋብሪካ አስገብታ፣ ወንዶቹ ሲመለሱ ወደ ጓዳ መልሳለች። እኛም በ5ቱ የጣልያን ዓመታት ከሴቶቻችን መሀል የተዋጉ ነበሩን። ከበደች ስዩም ባለቤታቸው አበራ ካሳ በጣልያን ከተገደሉ በኋላ ጦር መርተዋል፤ ሸዋረገድ ገድሌ ታስረው ጣልያን አገር ድረስ ተግዘዋል። እነዚህን እናውቃለን። ስንቅ ተሸክመው፣ ወሬ ደብቀው፣ ጥይት በእንስራ ይዘው ያለፉትን የጎጃም ሴቶች ግን በስም የሚያውቃቸው የየቤታቸው ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ከጠየቀ።

የጎጃም ልጃገረድ የራሷ ቀን የላትም እያልኩ አይደለም። በአዲስ ዓመት ዋዜማ እንግጫ ነቀላ አለ። ሜዳው ያን ቀን የልጃገረዶች ነው፤ ዘፈኑም፣ ሳሩም፣ አበባውም። ግን እሱ መሸለሚያና መዝፈኛ ነው። መግጠሚያና መሸናነፊያ ዱላው ገና ላይ የወንድ ነው። ወይም እኔ እንዲያ ይመስለኝ ነበር።

የአያቴ ሩር

ለገና አገር ቤት ስገባ አያቴን ጠየቅኳት። ዕድሜዋ 80ን ተሻግሯል። እሳት ዳር ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር።

«እምዬ፣ አንቺ ገና ተጫውተሽ ታውቂያለሽ?»

«ምን ነካሽ አንቺ ልጅ! ሴት ገና ይጫወታል?» አለችና እንዝርቷን ማሾሯን ቀጠለች። እኔም ተውኩት። ጥቂት ቆይታ በራሷ ጊዜ «አንድ ቀን» አለች።

አንድ ቀን፣ የ10 ዓመት ልጅ ሆና ነው። ታላቅ ወንድሟ ታሞ ተኝቷል፤ የነሱ መንደር በአንድ ሰው ጎደለ። የወንድሟን ቁምጣ ታጠቀች፣ ጋቢውን ከራሷ ጀምራ ተጀቦነች፣ ዱላውን አንሥታ ገባች። ማንም አላወቃት። ሩሯ ተንከባልላ እግሯ ሥር ስትመጣ በሙሉ ኃይሏ መታቻት። «እስከዚያ ዋርካ ድረስ ሄደች» አለችኝና በእንዝርቷ በበሩ ወደ ውጪ ጠቆመችኝ። ዋርካው ዛሬ የለም፤ እሷ ግን ታየዋለች። በመምታቷ ጋቢው ከራሷ ላይ ወደቀ። ሜዳው በሙሉ አየ፣ ሜዳው በሙሉ ሳቀ። እናቷ ከሴቶቹ መሀል ብድግ ብላ መጥታ ጆሮዋን ይዛ እየጎተተች ወሰደቻት።

«ታዲያ በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ይባል የለም?» አልኳት።

«ጌታማ መች ተቆጣ! የተቆጣችው እናቴ ናት» አለችኝ። ከዚያ መሳቅ ጀመረች። እንዝርቷን ጣለች፣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እናቴ ከጓዳ ወጥታ ምን ሆነች ብላ ደነገጠች። እናቴም ይህን ታሪክ ሰምታው አታውቅም። ልጇ ሆና 50 ዓመት ኖራ፣ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀቻትም፤ እኔም እስከዚያ ቀን አልጠየቅኩም። ሂሳቡን ባሰላው ያቺ ምት በ1946 ዓ.ም. ግድም ትሆናለች። የአሜሪካኖቹ ሴቶች ለመጨረሻ ጊዜ የተጫወቱበት ዓመት መሆኑ ነው።

የአያቴ ምት በየትኛውም መዝገብ የለችም። ዳኛ አልቆጠራትም፣ ጋዜጣ አልጻፋት። አሁን ግን እነሆ ተጻፈች። ብዙ ገንዘብ፣ ማዶናና ሆሊውድ አላስፈለገም፤ አንድ ጥያቄና ጥቂት ትዕግሥት በቃ። መጀመሪያ «አንድም ቀን» ትላችኋለች፤ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፤ «አንድ ቀን» ብላ ራሷ ትጀምረዋለች።

በየቤታችሁ እንዝርት የምታሾር፣ ቡና የምትቆላ፣ መቁጠሪያ የያዘች አንዲት አሮጊት አለች። ምን ተጫውታ እንደነበር ጠይቋት። ሄለን ካላሃን ደርሳበታለች፤ አያቴም ደርሳበታለች። የናንተዋ እንዳያመልጣት።

ቸር ያሰማን።